የላፕቶፕ ባዮስን በማስነሻ ፍላሽ ማዘመን

ባዮስ የምንለው ፈርምዌር ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ሥራውን የሚጀምር ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በሀርድ ዲስኩ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ አነስተኛ ቺፕ ውስጥ ነው። ዊንዶውሱ ጤነኛ በሆነ ኮምፒውተር ላይ የአምራቹን የማዘመኛ ፋይል ሁለቴ ነክቶ ሥራውን መጨረስ ይቻላል። ዲስኩ ተቀይሮ ገና ምንም ያልተጫነበት፣ ዊንዶውሱ የተበላሸ ወይም ሊኑክስ ብቻ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲሆን ግን በራሱ ተነስቶ የማዘመኛውን ፋይል የሚያስኬድ ፍላሽ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በዚህ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውንና ያገለገሉ ላፕቶፖች በሚሸጡባቸው ሱቆች ዛሬም የሚገኘውን ዴል ላቲቱድ ኢ6430 እንደ ዋና ምሳሌ እንወስዳለን፤ አዳዲሶቹ ሞዴሎችና የሌሎች አምራቾች ኮምፒውተሮች የሚለዩበትንም በየቦታው እናነሳለን።

አስቀድሞ ግን ማዘመኑ የሚያስፈልግበት ምክንያት መኖሩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስፔክተርና ሜልትዳውን የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ይፋ ሲሆኑ አምራቾች የማስተካከያውን አንዱን ክፍል ያደረሱት በባዮስ እትሞች አማካይነት ነበር። በ2023 መጨረሻ የታወቀው ሎጎፌይል የተባለው ክፍተት ደግሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚታየውን የአምራች ዓርማ በሚያነበው የፈርምዌር ክፍል ውስጥ የተገኘ በመሆኑ ከባዮስ ማዘመን ሌላ መፍትሔ አልነበረውም። በ2024ም ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ የታየውን የቮልቴጅ ችግር ለማረም ማስተካከያውን ያሰራጨው በዚሁ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ የደኅንነት ጉዳይ፣ አዲስ ፕሮሰሰር ወይም ሜሞሪ የማስገባት ፍላጎት ወይም አምራቹ በማስታወሻው የጠቀሰው የሚያስቸግርዎ ብልሽት ከሌለ በቀር፣ የእትሙ ቁጥር ከፍ ስላለ ብቻ በደህና የሚሠራን ባዮስ መነካካት እኔ አልመክርም።

ትክክለኛውን ፋይል ማግኘት

በእኔ እምነት ከጠቅላላው ሥራ ከፍተኛውን ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ክፍል ነው። እያንዳንዱ የዴል ኮምፒውተር ሰባት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት ሰርቪስ ታግ የሚባል መለያ አለው። መለያው በላፕቶፑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ከተፋቀ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ኤፍ 2ን ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮስ ገብተው ማየት ይቻላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነ ሁለቱንም ማመሳከር ይገባል። እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች ክዳናቸው ወይም ማዘርቦርዳቸው በጥገና ጊዜ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከሥር የተለጠፈው መለያና ባዮሱ የሚያሳየው ሳይገጥሙ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ካልገጠሙ የሚታመነው ባዮሱ ውስጥ ያለው ነው፤ የሚዘመነው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ እንጂ ክዳኑ አይደለምና። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የባዮስ እትም በወረቀት ይጻፉ። በዚያ ዘመን የወጡት የላቲቱድ እትሞች «ኤ01»፣ «ኤ02» እየተባሉ የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አዲሶቹ ግን በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ይይዛሉ።

መለያውን በዴል የድጋፍ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ለዚያ ኮምፒውተር የተዘጋጁት ፋይሎች ይዘረዘራሉ። ከማውረድዎ በፊት ከእትሙ ጋር የወጣውን ማስታወሻ ያንብቡ፤ አንዳንዱ አዲስ እትም ከእጅግ አሮጌ እትም በቀጥታ መዝለልን ስለማይፈቅድ፣ መጀመሪያ በመካከል ያለውን መጫን እንደሚያስፈልግ የሚገለጸው እዚያ ነው። የባዮስ ፋይሎችን ሰብስበው የሚያድሉ ሌሎች ድረ ገጾችና የቴሌግራም ቻናሎች አሉ፤ አምራቹ ፋይሉን በነጻ እየሰጠ ከእነርሱ የሚወሰድበት ምክንያት የለም። ኢንተርኔቱ በመሐል እየተቋረጠ ያወረዱት ፋይል ጎድሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ዴል ከፋይሉ አጠገብ የሚያወጣውን የሻ-256 ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ)፣ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሰርትዩቲል የተባለው መሣሪያ ከሚያወጣልዎ ቁጥር ጋር ያመሳክሩ። በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያዩ ፋይሉን አጥፍተው እንደገና ያውርዱ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

ፍላሹ ትልቅ መሆን የለበትም፤ የማዘመኛው ፋይል ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሜጋባይት የሚለካ በመሆኑ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ 2 ጊጋባይት ፍላሽ ከበቂ በላይ ነው። እንዲያውም አሮጌ ባዮሶች በጣም ትልልቅ ፍላሾችን ለማንበብ ስለሚያስቸግሩ ከ32 ጊጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል። በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሚፈልጉትን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰኩ ሌሎች ፍላሾችና ሜሞሪ ካርዶች ካሉም በስሕተት እንዳይጠፉ ይንቀሏቸው።

ፍላሹን በሌላ ጤነኛ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ለማዘጋጀት ሩፈስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ሳይጫንም ይሠራል። ሩፈስን ከፍተው ከላይ በሚታየው የመሣሪያ ምርጫ ውስጥ የእርስዎ ፍላሽ በስሙና በመጠኑ መመረጡን ያረጋግጡ። ከዚያ በታች የሚነሳው ምን እንደሆነ በሚጠይቀው ሳጥን ውስጥ ፍሪዶስን፣ ማለትም በሚተየብ ትእዛዝ የሚሠራውን ነጻ የዶስ ሥርዓት፣ ይምረጡ። ፍሪዶስ የሩፈስ አካል ሆኖ ስለሚመጣ ለብቻው ማውረድ አያስፈልግም። የክፍፍሉ ዓይነት ኤምቢአር፣ የፋይል ሥርዓቱም ፋት 32 መሆኑን አይተው ማስጀመሪያውን ይጫኑ፤ ሁሉም ነገር ይጠፋል የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሲያጸድቁ ሥራው ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። (ፍሪዶስ እ.ኤ.አ. በ1994 ማይክሮሶፍት ዶስን ወደ ጎን ሊተው መሆኑ በተሰማ ጊዜ ጂም ሆል የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ በዶስ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ባይኖርም፣ እንዲህ ላለው አገልግሎት ግን ቦታውን የሚተካ አልተገኘም።)

ቀጥሎ ያወረዱትን የባዮስ ፋይል ፎልደር ውስጥ ሳያስገቡ በቀጥታ ፍላሹ ላይ ይገልብጡ። ዶስ ከስምንት ፊደል በላይ የሆነን የፋይል ስም ቆራርጦ ስለሚያሳይ፣ ስሙ ረዥም ከሆነ ለመተየብ ወደሚቀል አጭር ስም፣ ለምሳሌ በላቲን ፊደል «ባዮስ» ወደሚል፣ ይቀይሩት። እዚህ ላይ ዊንዶውስ የፋይል ቅጥያዎችን ደብቆ የማሳየት ልማድ ስላለው፣ ስሙን ሲቀይሩ ቅጥያውን ደግመው ጽፈው ፋይሉ ባለሁለት ቅጥያ እንዳይሆን በፋይል መመልከቻው ውስጥ የቅጥያ ማሳያውን አስቀድመው ያብሩ። ግልበጣው ሲያልቅም ፍላሹን ነጥቀው ሳያወጡ፣ በዊንዶውስ በኩል አስፈቅደው ይንቀሉት።

ኮምፒውተርዎ እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ የተሠራ ዴል ከሆነ ከዚህ አብዛኛው ላያስፈልግዎ ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ ኤፍ 12ን ሲጫኑ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ባዮስን ከፍላሽ የማዘመን ምርጫ ስላለ፣ በፋት 32 የተሰናዳ ማንኛውም ፍላሽ ላይ ፋይሉን ገልብጦ ከዚያ መምረጥ ይበቃል። ምርጫው ካለ እሱን ይጠቀሙ። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ፍሪዶስ ጨርሶ ላይነሳም ይችላል፤ ኢንቴል በ2017 አሮጌውን የአነሳስ ዘዴ እስከ 2020 ድረስ እንደሚያስቀር ካስታወቀ ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ አሮጌውን ዘዴ በተካው በዩኢኤፍአይ ብቻ የሚነሱ ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት

በቺፑ ላይ ጽሕፈት እየተካሄደ መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። የዴል ፕሮግራም ቻርጀሩ መሰካቱንና ባትሪው ከ10 በመቶ በላይ መያዙን የሚፈትሸውም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ባትሪው 100 በመቶ ቢያሳይም ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው የሚሞት አሮጌ ባትሪ ሞልቷል። ስለዚህ ቻርጀሩን ነቅለው ላፕቶፑን ለግማሽ ሰዓት ያህል በባትሪ አሠርተው ይፈትኑት፣ ከዚያም ሞልተው ይጀምሩ። ባትሪው የማይረባ ከሆነ ወይም ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ጄነሬተር አለን ብሎ መተማመንም አይበቃም፤ መብራቱ ጠፍቶ ጄነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው አፍታ ለማበላሸት በቂ ናት። የባትሪውን ፍተሻ የሚያዘልል ተጨማሪ ትእዛዝ እንዳለ ባለሙያዎች ሲነጋገሩ ይሰሙ ይሆናል። አለ፤ ባትሪ ጨርሶ ለሌለው ላፕቶፕ ዩፒኤስ ተይዞ ካልሆነ በቀር ግን የሚነካ ነገር አይደለም።

ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ፣ ከማዘመኑ በፊት ከዊንዶውስ ውስጥ ለጊዜው ያስቁሙት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የ48 አኃዝ መክፈቻ ይጠይቅዎታል። ባዮሱ ላይ ከቀድሞ ባለቤቱ የቀረ የይለፍ ቃል ካለም ማዘመኑ ሊከለከል ስለሚችል ይህን አስቀድመው ይጨርሱ።

ማስነሳትና ማዘመን

ፍላሹን ሰክተው በኤፍ 2 ወደ ባዮስ ይግቡና የአነሳስ ቅንብሮቹን ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ኋላ ወደነበሩበት መመለስ ስላለብዎ ይህ ትንሽ ሥራ ብዙ ድካም ያተርፋል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሥርዓት እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) በርቶ ከሆነ ያጥፉት፣ የአነሳስ ዘዴውንም ሌጋሲ ወደሚባለው አሮጌው ዘዴ ይቀይሩ። አስቀምጠው ወጥተው ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ኤፍ 12ን ደጋግመው ይጫኑና ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፍላሹን ይምረጡ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አልፎ የሲ ድራይቭ ምልክትና ትእዛዝ የሚጠብቅ ጠቋሚ ከመጣ ፍሪዶስ ተነስቷል ማለት ነው። ይህች ሲ ግን የላፕቶፑ ዲስክ ሳትሆን ፍላሹ ራሱ ናት። «ዲር» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ተይበው ኢንተር ሲሉ የገለበጡት ፋይል በዝርዝሩ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያ የፋይሉን ስም ተይበው ኢንተር ይበሉ።

የዴል ፕሮግራም አሁን ያለውን እትምና ሊጫን ያለውን አዲሱን እትም ያሳይና መቀጠል አለመቀጠልዎን ይጠይቃል። በወረቀት የጻፉትን ቁጥር የሚያመሳክሩት እዚህ ነው፤ የማይገጥም ነገር ካዩ እስካሁን ምንም ስላልተነካ ወደኋላ መመለስ ይችላሉ። ከተስማሙ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና የሂደቱን መጠን የሚያሳይ መስመር ይዞ ይመጣል። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ሊጮኽ፣ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ሊጨልም፣ ኮምፒውተሩም ከአንድ ጊዜ በላይ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ይህ ሁሉ የተለመደ ነውና ምንም ቁልፍ ሳይነኩ፣ ፍላሹንም ሳይነቅሉ ይጠብቁ።

ሲያልቅ በኤፍ 2 ገብተው የእትሙ ቁጥር መለወጡን ያረጋግጡና ቅንብሮቹን በፎቶው መሠረት ይመልሱ። ቅንብሮቹ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ተመልሰው ከሆነ በተለይ የዲስኩን የአሠራር ዘዴ ይመልከቱ፤ ዊንዶውስ በኤኤችሲአይ ተጭኖ ሳለ ቅንብሩ ወደ ሬይድ ከዞረ ዲስኩ ምንም ሳይሆን ዊንዶውሱ መነሳት ይሳነዋል፤ ብዙ ሰውም ማዘመኑ ኮምፒውተሩን አበላሸው ብሎ የሚደነግጠው በዚህ ነው።

ቲንክፓድ ላላቸው

ሌኖቮ ለብዙ የቲንክፓድ ሞዴሎች የሚያወጣው የማስነሻ ፋይል ለሲዲ የተዘጋጀ አይኤስኦ (የሲዲውን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) ነው። እሱን እንዳለ ፍላሽ ላይ ቢጽፉት አይነሳም። ምክንያቱ አይኤስኦው፣ ፊኒክስና አይቢኤም በ1995 ባወጡት ኤል ቶሪቶ በተባለው የሲዲ አነሳስ ደንብ መሠረት፣ የሚነሳውን ክፍል እንደ ትንሽ የሀርድ ዲስክ ምስል አድርጎ በውስጡ ስለሚይዘው ነው። ጌት ኤል ቶሪቶ የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም ያንን ምስል ነጥላ ታወጣለች፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ጄን አይኤስኦ ኢሜጅ ከተባለው ፓኬጅ ጋር ትመጣለች። የወጣውን ምስል በሩፈስ ፍላሹ ላይ ከጻፉት በኋላ ኤፍ 12ን ተጭነው ያስነሱታል።

ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለ

በኋላ በወጡ ብዙ የዴል ሞዴሎች ላይ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የባዮሱን ፋይል «ባዮስ_አይኤምጂ» ወደሚል የላቲን ስምና «አርሲቪ» ወደሚል ቅጥያ ቀይረው በፋት 32 በተሰናዳ ፍላሽ ላይ ይገልብጡት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ቻርጀሩ እንደተነቀለ ፍላሹን ይሰኩ፤ ኮንትሮልንና ኢስኬፕን አንድ ላይ እንደያዙ ቻርጀሩን ሰክተው የማገገሚያው ገጽ እስኪመጣ ድረስ አይልቀቁ። በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ የዊንዶውስን ምልክት ቁልፍና የላቲኑን «ቢ» ፊደል ቁልፍ ይዘው ማብሪያውን በመጫን ወደ ተመሳሳይ ገጽ ይገባል።

ይህ የሌላቸው አሮጌ ሞዴሎች የሚድኑት ቺፑ ፕሮግራመር በተባለ የቺፕ መጻፊያ መሣሪያ በቀጥታ ሲጻፍ ነው፤ ብዙ ጠጋኞች ሲኤች341ኤ የተባለውን ርካሽ መሣሪያ ከመቆንጠጫው ጋር ይጠቀማሉ። ላፕቶፑን ለጠጋኝ ሲሰጡ አዲሱን ከመጻፉ በፊት ቺፑ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ ሁለቱ ንባቦች አንድ መሆናቸውን አረጋግጦ ቅጂውን እንዲያስቀምጥልዎ ይጠይቁት። ሰርቪስ ታጉ፣ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ከፋብሪካ ተጭኖባቸው በወጡ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍ ጭምር የሚገኙት በፈርምዌሩ ውስጥ ነው፤ ከሌላ ላፕቶፕ የተወሰደ ባዮስ በላዩ ቢጻፍበት እነዚህም አብረው ይጠፋሉ።