የባልና ሚስት ሕክምናን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠብ የበረታባቸው ባልና ሚስት ወደ ባለሙያ ለመሄድ ሲወስኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ሕክምና ይሻላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ አፈላለጉ ላይ ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

ቶሎ መፍረድ። ከሁሉም የሚያሳስተው ይህ ነው። በአሜሪካ አንድሩ ክሪስተንሰን፣ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቻቸው ሥር በሰደደ ቅራኔ ውስጥ የነበሩ 134 ጥንዶችን በዕጣ ለሁለት መደቧቸው። አንደኛው ወገን የተለመደውን ባህሪ ተኮር ሕክምና አገኘ፤ ይህም የአነጋገር ልምምድ፣ የችግር አፈታትና ስምምነት ነው። ሌላው የባህሪ ለውጥን አንዱ ሌላውን እንዳለ ከመቀበል ጋር ያጣመረውን፣ የተቀናጀውን ዓይነት አገኘ። ለሁለቱም የተፈቀደው ቢበዛ 26 ክፍለ ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው ቶሎ ለውጥ አሳይቶ ኋላ ባለበት ቆመ፤ ሁለተኛው ቀስ እያለ ሳያቋርጥ ገፋ። ሕክምናው ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀናጀው ብልጫ ነበረው። በአምስተኛው ዓመት ግን ልዩነቱ ደበዘዘ፤ ከሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ በግልጽ ተሻሽለው ሲገኙ፣ ከአራት ጥንዶች አንዱ ገደማ ተለያይተዋል። በሦስቱ ጊዜያት የለካ ሰው ሦስት ዓይነት ፍርድ በሰጠ ነበር።

ዘዴውን በስሙ ብቻ ማወቅ። ባል አምሽቶ ይገባል፤ ሚስት «የት ነበርክ?» ትላለች፤ እሱ መልስ ሳይሰጥ ቴሌቪዥን ይከፍታል። ባህሪ ተኮሩ ባለሙያ እሱ ሲያመሽ አስቀድሞ እንዲደውል፣ እሷም በወቀሳ እንዳትቀበለው ያስማማቸዋል። የተቀናጀው የጠቡን አካሄድ ራቅ ብለው አብረው እንዲያዩት ያደርጋል፤ እሷ በጠየቀች ቁጥር እሱ ይሸሻል፣ እሱ በሸሸ ቁጥር እሷ ትጠይቃለች። ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት ስሜት ተኮር ሕክምና ደግሞ ከጥያቄው ሥር ያለውን ፍርሃት ያወጣል፦ «ዛሬም በልብህ ቦታ አለኝ?» የቤት ሥራ ክፍፍል ብቻ ላጣላቸው የመጀመሪያው የሚበቃ ይመስለኛል። ለዓመታት ጀርባ ለተሰጣጡ ግን ስምምነት ብቻውን ብዙ አያራምድም።

ዕርቅንና እርካታን ማምታታት። የሽማግሌዎች ዋና ግብ ትዳሩ እንዳይፈርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ባልና ሚስቱ ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ሊመራው እንደሚችል ይደነግጋል። ግሬሃም ስፓኒየር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ባለ 32 ጥያቄ የጥንዶች እርካታ መለኪያ የሚሻው ሌላ ነው፦ ምን ያህል ትጨቃጨቃላችሁ? ምስጢር ታወራላችሁ? አብራችሁ ትስቃላችሁ? ለልጆች ሲሉ ብቻ አብረው የሚኖሩ በሽማግሌ ፊት ታርቀው በዚህኛው ይወድቃሉ።

ድብደባን እንደ ተራ ጠብ መቁጠር። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ከባድ ጥቃት ያለባቸው ጥንዶች አልተካተቱም፤ ስለዚህ ውጤቱ ለእነርሱ አይሠራም። ባሏን የምትፈራ ሴት በጋራ ውይይት ለተናገረችው ቃል ቤት ስትገባ ልትደበደብ ትችላለች። በተቀናጀው ሕክምና ባለሙያው ገና ከመጀመሪያው ሁለቱንም ለየብቻ ያነጋግራል። ይህን ሳያደርግ በቀጥታ ወደ ጋራ ውይይት የሚገባ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ለምን እንደዘለለው ጠይቁት።