ሲሙሌሽኑ አልጨርስ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ሰርኪዩቱ ነው

በኮምፒውተር የምንሞክረው የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ሲሙሌሽን መሀል ላይ ቆሞ «ታይም ስቴፕ ቱ ስሞል» (የጊዜ እርምጃው ከመጠን በላይ አነሰ) ሲል ብዙዎች ወዲያው ሴቲንግ ከፍተው ሬልቶልን፣ ማለትም የሚፈቀደውን አንጻራዊ ስህተት፣ ከ0.001 ወደ 0.01 ያላላሉ። አንዳንዴ ያልፋል። ያለፈው ግን ችግሩ ተፈትቶ ሳይሆን ፕሮግራሙ ስህተትን እንዲታገስ ስለታዘዘ ነው። የሲሙሌሽን ፕሮግራሞቹ ኤልቲስፓይስም ኤንጂስፓይስም የእያንዳንዱን ኖድ (የሽቦዎች መገናኛ ነጥብ) ቮልቴጅ ይገምታሉ፣ ከረንቱን ያሰላሉ፣ ግምቱን ያርማሉ፤ በሁለት ዙር መካከል ያለው ልዩነት ከቶለራንሱ (ከሚፈቀደው ስህተት) ሲያንስ ያቆማሉ። በእውነተኛው ዓለም የሌለ ሰርኪዩት ከሳላችሁላቸው ግምቱ ወዲያና ወዲህ ይዘልላል እንጂ አይረጋም።

አምስት ኪሎ ላብ ውስጥም ሆነ መርካቶ ካለ ጥገና ቤት ሁሉም የሚያውቀውን፣ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ሰርኪዩት እንውሰድ፦ ከ220 ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር፣ በብሪጅ የተያያዙ አራት ዋን ኤን 4007 ዳዮዶች፣ 2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ግማሽ አምፒር ገደማ የሚስብ 27 ኦም ጭነት።

ትራንስፎርመሩን በ50 ኸርዝ ሳይን ሶርስ ተኩት። አምፕሊትዩዱ ላይ 12 ሳይሆን 17 ጻፉ፤ ሶርሱ የሚጠይቀው ጫፉን ነው (የ220ውም ጫፍ 311 ነው)። የሴኮንደሪ ኮይሉን ሬዚስታንስ በመልቲሜትር ለክታችሁ ከሶርሱ ጋር በተከታታይ አስገቡ። ይህ ከሌለ ባዶው ካፓሲተር መጀመሪያ ላይ ከእውነተኛው የበለጠ ትልቅ ከረንት ይጠይቃል፣ ፕሮግራሙም ያንን ለመከተል ታይም ስቴፑን እየቆራረጠ ይሄዳል። የዳዮዱም ሞዴል (ባሕርዩን ለፕሮግራሙ የሚነግሩት ቁጥሮች) ባዶ አይሁን፤ ከአምራቹ ሞዴል ከሌላችሁ 0.05 ኦም ሬዚስታንስና 20 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ ስጡት። በጣም ስል የሆነ የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባ ነው ግምቱን የሚያስተው።

ግራውንዱ የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ ላይ ብቻ ይሁን። የሴኮንደሪውን አንድ ጫፍ ጨምራችሁ ግራውንድ ካደረጋችሁት አንዱን ዳዮድ ሾርት አድርጋችኋል፣ በግማሽ ሳይክሉም ከረንቱ ይፈነዳል። «ሲንጉላር ማትሪክስ» (መፍትሔ የሌለው የእኩልታዎች ስብስብ) የሚለው መልእክት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ግራውንድ የዲሲ መንገድ የሌለው ኖድ አለ ማለት ነው። ለምሳሌ በተከታታይ የቆሙ ሁለት ካፓሲተሮች መሀል። 100 ሜጋኦም ሬዚስተር ከዚያ ወደ ግራውንድ ማሰር ይበቃል። ስትጽፉት ግን ተጠንቀቁ፦ «ኤም» ትልቅም ተጻፈ ትንሽ ሚሊ ነው፤ ሜጋ የሚሆነው በእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል አድርጋችሁ «ሜግ» (Meg) ስትሉ ነው። ይህች አንዲት ፊደል ስንት ሰው ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጣለች!

ሰርኪዩቱ ንጹሕ ሆኖም ፕሮግራሙ መነሻውን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የቮልቴጅ ሁኔታ፣ ማግኘት ካቃተው ሶርሱን በአንዴ አታብሩት፤ ከ0 ተነስቶ በ1 ሚሊሰከንድ ይውጣ። በፐልስ (ብድግ ብሎ በሚወርድ) ሶርስ መውጫና መውረጃ ጊዜ ላይም 0 አትጻፉ፤ ፕሮግራሙ በራሱ ቁጥር ይተካዋል። ካፓሲተሩን ከ14 ቮልት ብታስጀምሩት ደግሞ የመሙያውን ጊዜ ትዘሉታላችሁ።

ፍጥነት የሚገኘው እዚህ ነው፦ 200 ሚሊሰከንድ ራን አድርጉ፣ የመጨረሻውን 40 ብቻ አስቀምጡ፣ ትልቁን ስቴፕ 20 ማይክሮሰከንድ አድርጉት። ይህ ለአንድ ሳይክል 1000 ነጥብ ነው። ከዚህ በታች መውረድ ያለ ጥቅም ላፕቶፕ ማሞቅ ነው፤ መብራት በሄደበት ቀን ደግሞ ባትሪም ይበላል።

ቶለራንስ የመጨረሻው ነው። አብስቶል፣ ማለትም የሚፈቀደው የከረንት ስህተት፣ በመደበኛው 1 ፒኮአምፒር ነው፤ ግማሽ አምፒር ለሚፈስበት ሰርኪዩት 1 ናኖአምፒር ከበቂ በላይ ነው፣ ያለ ስጋት አላሉት። ሬልቶልን ግን አታላሉ። ኢንዳክተር ያለበት ሰርኪዩት ላይ ከረንቱ ከስቴፕ ወደ ስቴፕ እንደ መጋዝ ጥርስ ከዘለለ የስሌት ዘዴውን ከትራፔዞይዳል ወደ ጊር ቀይሩ። ኦሲሌተር ላይ ግን ጊርን አትመኑት፤ እውነተኛውንም ንዝረት ሊያዳክም ይችላል።

ውጤቱን በወረቀት ፈትሹ። ሪፕሉ (የውጤቱ ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚልበት መጠን) ከ0.5 ÷ (100 × 0.0022)፣ ማለትም ከ2.3 ቮልት ትንሽ ማነስ አለበት፤ 0.5 ከረንቱ፣ 100 ካፓሲተሩ በሰከንድ የሚሞላበት ብዛት፣ 0.0022 በፋራድ ካፓሲታንሱ ነው። እጥፍ ከሆነ አንድ ዳዮድ አልተያያዘም ማለት ነው። ከዚያ ትልቁን ስቴፕ በግማሽ ቀንሱ፣ ሬልቶልንም ወደ 0.0001 አጥብቁና ድገሙት፤ መልሱ ከ1 በመቶ በላይ ከተንቀሳቀሰ የመጀመሪያው አይታመንም።

ሁሉም ሲስማማ በ190 ቮልትም ሞክሩት፤ ምሽት ላይ የሰፈሩ መብራት ሲወርድ ሴኮንደሪው ወደ 10.4 ይወርዳል። ከኋላው 7812 (12 ቮልት የሚያረጋ ሬጉሌተር) ልታስገቡ ካሰባችሁ መግቢያው ከ14 ቮልት ገደማ በታች መውረድ የለበትም፤ ይህ ሰርኪዩት ግን በ220ውም የሪፕሉ ታችኛ ጫፍ ከዚያ በታች ነው። ትራንስፎርመሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሶርሱን ወደ 15 ቮልት ሴኮንደሪ፣ ማለትም 21.2 ጫፍ፣ ቀይራችሁ እንደገና አስኪዱት።