ኢምፕላንት ጥርስ ያስተከላችሁ፣ ይህችን ልብ በሉ

ኢምፕላንት መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚገባ የታይታኒየም ብሎን ላይ የሚቆም ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። እንደ ተፈጥሮ ጥርስ አይቦረቦርም። እውነት ነው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይዘናጋል። ጥርሱ ባይቦረቦርም በዙሪያው ያለው ድድ ይታመማል፤ ዝም ከተባለ ጉዳቱ ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ክፋቱ ደግሞ ኢምፕላንቱ ራሱ ነርቭ ስለሌለው ሕመሙ ቶሎ ላይሰማ ይችላል። ስትቦርሹ ከደማ፣ ድዱ ካበጠ ወይም መጥፎ ጠረን ካመጣ "ያልፋል" ብላችሁ አትተዉት።

ብሎኑ ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በኃይል አትጉመጥመጡ፤ በስትሮም አትጠጡ። ቁስሉ ላይ የረጋው ደም ከቦታው ሊነሳ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ለስላሳ ምግብ ብሉ፣ በሌላው በኩል አኝኩ። የታይታኒየሙ ብሎን ከመንጋጋ አጥንት ጋር እስኪዋሃድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ጠንካራ ነገር መቆርጠም አይጀመርም።

ብሎኑ ላይ ቋሚው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከገባ በኋላ ዋናው ሥራ ጽዳት ነው። ለስላሳ ብሩሽ፣ በቀን 2 ጊዜ። ቆሻሻው የሚደበቀው ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት ላይ ስለሆነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። በጥርስ መሃል የምትገባዋን ትንሿን ብሩሽ ጨምሩ። ሽቦዋ በፕላስቲክ የተሸፈነ ይሁን፤ ያልተሸፈነው ይጭራል። (መጀመሪያ ላይ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ቀስ በቀስ ይለመዳል።)

ሲጋራ? እሱ ላይ ድርድር የለም፤ ድዱ በቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ሌሊት ጥርስ የምታፋጩ ከሆነም ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ተኝታችሁ የምታጠልቁት መከላከያ ይሠራላችኋል።