ቦሎ ለማደስ ከመሰለፋችሁ በፊት መኪናዋን ራሳችሁ ፈትሿት

የቦሎ፣ ማለትም መኪናዋ የዓመቱን ምርመራ ማለፏን የሚያሳየው መስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት፣ ጊዜው ሲደርስ አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ዝም እንልና አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተን እንሰለፋለን፣ ተራችን ሲደርስ "ይሄ አይሰራም፣ አሰርተህ ተመለስ" እንባላለን። እኔን አምና የደረሰብኝ ይሄ ነው። በፍሬን አይደለም በሞተር አይደለም፣ ከኋላ ታርጋውን የምታበራው ሚጢጢ አምፖል ተቃጥላ ነው የመለሱኝ። ለሷ ስል አንድ ቀን ሙሉ ከስራ ቀረሁ። ዘንድሮ ሁለት ሳምንት ቀድሜ ጀመርኩ፣ ሁለት ሳምንት ያልኩት ዕቃ ቀይር ከተባላችሁ ሶማሌ ተራ ወርዶ መፈለጊያና ጋራዥ ወረፋ መጠበቂያ ጊዜ እንዲኖራችሁ ነው። የኔ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ግን ለቪትዝም ለሌላም ያው ነው።

መብራቱን ማታ እዩት፣ ቀን ላይ ይሰራል ብላችሁ ያለፋችሁት ማታ ይታያል። ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙና የፊቱን አብሩት፣ አንዱ መሬት አንዱ ሰማይ የሚያይ ከሆነ ያስተካክሉላችሁ (ፖርቶ ባጋልዮ ውስጥ የከረመውን ሲሚንቶ ምናምን መጀመሪያ አውርዱ፣ ኋላዋ ሲከብድ መብራቱ ወደ ላይ ያያል)። የፍሬን መብራት ለማየት ሰው ከሌላችሁ ኋላዋን ወደ ግቢው በር አስጠጉና ፍሬን ስትይዙ በስፖኪዮ እዩ፣ በሩ ላይ ግራም ቀኝም መቅላት አለበት። እኔ ወርጄ በደንብ ማየት ስለፈለግኩ የመወልወያ እንጨት በፔዳሉና በወንበሩ መሃል ወትፌ ነው ያየሁት፣ ጎረቤቴ መኪናዋን ልሰርቅ የመጣሁ መስሎት ወጣ። ፍሬቻው ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ካለ በዛ በኩል አንድ አምፖል ተቃጥሏል ማለት ነው። የታርጋዋንም አትርሱ አደራ። መስታወቱ የደበዘዘ የፊት መብራት በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይጠራል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ፍሬን። ብዙ ሰው "የኔ ፍሬን እኮ ጥሩ ነው፣ ስይዘው ይቆማል" ይላል። የምርመራው ማሽን ግን የሚለካው መቆሟን ብቻ አይደለም፣ ጎማዎቹ የሚሽከረከር ብረት ላይ ይወጡና ግራው ስንት ያዘ ቀኙ ስንት ያዘ ብሎ ለየብቻ ነው የሚያነበው፣ ልዩነቱ ከበዛ ትወድቃላችሁ። እናንተ ደግሞ ልዩነቱን እየነዳችሁ ለምዳችሁታል፣ መሪውን ሳይታወቃችሁ በእጃችሁ እያቃናችሁት ነው። ስለዚህ ሰው የሌለበት ሜዳ መንገድ ፈልጉና በ30 አካባቢ እየነዳችሁ መሪውን ላላ አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፣ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሸራው (ፍሬን ሲያዝ የሚፋተገው ልባስ) አንድ ጎን ብቻ አልቋል ወይ ከኋላ ታምቡሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት) ውስጥ ያለው ሲሊንደር የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ ሸራውን አርሶታል። የኔ ሁለተኛው ነበር፣ መካኒኩ ታምቡሩን ሲያወልቀው ሸራው በዘይት ርሶ ጥቁር ሆኖ እያብለጨለጨ ነው ያገኘነው፣ እኔ ግን አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም አይመለስም፣ ቀይሩት፣ ስትቀይሩ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው፣ አንዱን ብቻ ቀይሮ ብር ማትረፍ ማለት ልዩነቱን በገዛ ብራችሁ መግዛት ነው። የእጅ ፍሬኑንም ዳገት ላይ ሞክሩት፣ አዲስ አበባ ዳገት አይጠፋም። እና ምርመራው ጠዋት መኪና አታሳጥቡ፣ ውሃ የገባበት ታምቡር ማሽኑ ላይ አሳንሶ ያነባል፣ ከቀደመው ቀን አሳጥቡና ትንሽ ንዷት።

ጎማ ላይ በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፣ ቁመታቸው 1.6 ሚሊሜትር ነው፣ ጥርሱ ከነሱ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። የውስጡን ጎን እጃችሁን አስገብታችሁ ዳስሱት፣ ውጪው አዲስ መስሎ ውስጡ ክሩ የወጣ ጎማ ብዙ ነው፣ እሱ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይፈልጋል። ሰልባጅ ጎማ የምትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጎሚስታ ጋ ንፋሱን እኩል አስሞሉ፣ የንፋስ ልዩነትም የፍሬኑን ንባብ ያዛባል።

ከዛ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሱና ግራና ቀኙን ይዛችሁ ነቅንቁት፣ ከተንቋቋ የመሪ እጆቹ ላልተዋል፣ ከላይና ከታች ይዛችሁ ሲነቃነቅ ከሆነ ኩሽኔታ ወይም የእግሩ መጋጠሚያ ነው። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ስር አትግቡ በናታችሁ።

ጭስ ላይ፣ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ሰማያዊ ከሆነ ኦልዮ እያቃጠለች ነው፣ እሱ ውድ ነው። ካርቡሬተር ያላት አሮጌ መኪና እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካልተስተካከለላት ነዳጅ ታበዛለች። ፊልትሮውን አራግፉ ወይ ቀይሩ፣ የቆየ ኦልዮ ካለ ለውጡ፣ በምርመራው ቀን ደግሞ ከቤት በቀጥታ ቀዝቃዛ ሞተር ይዛችሁ አትግቡ፣ ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ሃያ ደቂቃ ሞቅ አድርጋችሁ ግቡ። ሰልፉ ላይ አንድ ሰዓት አጥፍታችሁ ከቆማችሁ ተራችሁ ሲቃረብ አስነሷት።

የሞተርና የሻንሲ (የመኪናዋ አካል) ቁጥሩን ከሊብሬው (ከባለቤትነት ደብተሩ) ጋር ስለሚያመሳክሩ የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ፣ በጨርቅና በትንሽ ነዳጅ ጥረጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፍቁት ግን፣ የተፋቀ ቁጥር ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣው። ሞተር የቀየራችሁ ሊብሬው ላይ አስቀይሩ።

ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ቀበቶ፣ እሳት ማጥፊያ፣ ትራያንጎል፣ ክሪክ፣ ትርፍ ጎማ፣ እነዚህን በአምስት ደቂቃ ታያላችሁ።

ወረቀት ደግሞ ሊብሬ፣ ጊዜው ያላለፈ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው)፣ ያልተከፈለ ቅጣት ካለ ክፈሉት፣ መኪናዋ በስማችሁ ካልሆነች ውክልና። በሩ ላይ "ሳትፈተሽ አስጨርስልሃለሁ" የሚል ደላላ ይመጣል፣ እኔ ያ ዘይት የጠጣ ሸራ ትዝ ሲለኝ ዝም ብዬ አለፍኩት፣ ራሴ ሳልፈትሻት ለሱ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዛ ፍሬን ነበር ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው።

ካለፋችሁ በኋላ የድሮውን ቦሎ ከመስታወቱ ለማንሳት ለብ ያለ ውሃ በጨርቅ ነክራችሁ ትንሽ ያዙበት፣ ከዛ በምላጭ በአግድሙ፣ ቀስ ብላችሁ። እኔ በቁልፍ ፍቄው መስታወቱ ላይ ጭረት ትቼ አሁን ፀሐይ በወጣ ቁጥር ፊት ለፊቴ ያበራል።