ሳይረን ሲሰማ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ከኋላ ሳይረን እየጮኸ በስፖኪዮ የምትታየው ምንም ጽሑፍ የሌላት ነጭ ፒክአፕ ስትሆን፣ ብዙው ሾፌር የሚለው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ስህተትም ይኸው ነው፤ የመኪናዋን ቀለም ማየት። ፖሊስ በተቀባ መኪና ብቻ አይሄድም። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ሕግ አሽከርካሪው ቅድሚያ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሳይረኑና ከፊት የሚታየው ቀይ መብራት ነው። እኛም መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የተማርነው ሳይረን ሲሰማ ቀኝ ይዞ ማሳለፍን ነው። «አንዳንዱ እኮ ዝም ብሎ ለመቅደም ነው የሚያስጮኸው» የሚል አይጠፋም። ይሆናል። እሱን መያዝ ግን የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው፤ መንገድ ዘግተን የምናጣራው ነገር አይደለም። ሳይረንም መብራትም ካላበራች ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ናት።

ሁለተኛው ባሉበት ቀጥ ማለት ነው። ባሕር ዳር ላይ ይሄ ከባድ ነው። ከኋላችሁ ባጃጅ አለ፣ ከባጃጁ ጎን ብስክሌት አለ። «ወራጅ አለ» ሲባል ዳር ለመያዝ የማንም ምክር የማያስፈልገው ባለ ባጃጅ፣ ሳይረን ሲሰማ መሀል መንገድ ላይ ይደርቃል። መጀመሪያ የቀኝ ስፖኪዮ፣ ቀጥሎ የቀኝ ፍሬቻ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ዳር መያዝና መቆም። ብስክሌተኛውን ሳያዩ ድንገት ወደ ቀኝ መጠምዘዝ ከመቆሙም ይብሳል። ዘንባባ በተተከለባቸው መንገዶች ላይ ወደ አካፋዩ መጠጋትም አያዋጣም፤ ሳይረኗ የምታልፈው በዚያው በግራ በኩል ነው።

አደባባይ ውስጥም አትቁሙ። ካልገባችሁ ጠብቁ፤ ከገባችሁ ወጥታችሁ ዳር ያዙ።

«እኔን ነው!» ብሎ መሸሽም አለ። ትርፍ የጫነ ባጃጅ ሳይረን ሲሰማ ቅያስ ውስጥ ሲገባ ማየት ብርቅ አይደለም። ፖሊሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ሌላ ቦታ ለመድረስ ነው፤ የሸሸው ራሱን ያስጠረጥራል።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ የመጨረሻው ነው፤ በተከፈተው መንገድ ጭራዋን ተከትሎ መሹለክ። ዳር የያዘው ሰው ወደ መስመሩ ሲመለስ የሚጋጨው ከዚህ ሹፌር ጋር ነው። ደግሞም ከፖሊሷ ኋላ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሚበር አምቡላንስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመመለሳችሁ በፊት ስፖኪዮውን ድጋሚ እዩ።