የፒካፕ ካምቢዮ ኮምፒዩተር ስትቀይሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ደንገጎ ላይ ስትደርሱ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ የምትወጡት በአጭር መንገድ፣ በጠመዝማዛ፣ ብዙ ጊዜም ጭነት ይዛችሁ ነው። አውቶማቲክ ፒካፕ የተደበቀ ችግር ካለበት እዚያ ይወጣል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይደርቃል፣ ነዳጅ ብትረግጡም አይቀይርም፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል።

እኔ ድሬ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። እንዲህ ሆኖበት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። «አቦ፣ ኮምፒዩተሩ ሞቷል ብለውኛል፣ ቀይርልኝ።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው ለማያስፈልገው ዕቃ ብዙ ብር ሊያወጣ ነው። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ እንይ። የካምቢዮው ኮምፒዩተር፣ ቲሲኤም የሚባለው፣ የመኪናውን ፍጥነት፣ የነዳጅ ፔዳሉን አረጋገጥ፣ የካምቢዮ ዘይቱን ሙቀት በሴንሰሮች ይከታተላል። ከዚያ ሶሌኖይድ ለሚባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቮች ትእዛዝ ይሰጣል። ቫልቮቹ ዘይቱን ወደሚፈለገው ቦታ ይለቃሉ፣ ማርሽ ይቀየራል። ከሚሰማው ነገር አንዱ ካላማረው ካምቢዮው እንዳይጎዳ አንድ ማርሽ ላይ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ። ስለዚህ መኪናው አንድ ማርሽ ላይ ሲደርቅ ኮምፒዩተሩ ሥራውን በደንብ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ፒ0700ን እንደ ፍርድ መውሰድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የመኪናውን የስህተት ኮድ የሚያነበው ርካሹ ማሽን ይሰካል፣ ፒ0700 የሚል ኮድ ይወጣል፣ «ኮምፒዩተር ነው» ይባላል። ፒ0700 የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ካምቢዮው በኩል ችግር አለ፣ ዝርዝሩን ከካምቢዮው ኮምፒዩተር ጠይቁ። ሞተሩን ብቻ የሚያነብ ማሽን ያንን ዝርዝር አያገኘውም። ካምቢዮውንም የሚያነብ ማሽን ያለው ሰው ፈልጉ። ፒ0715 ከወጣ የሚመረመረው የካምቢዮው የፍጥነት ሴንሰርና ሽቦው ነው። ፒ0750 ከወጣ ሶሌኖይድ ነው። ፒ0562 የቮልት ማነስ ነው።

ሰው የሚያሳስተው ደግሞ ዩ0101 ነው። ከካምቢዮ ኮምፒዩተር ጋር መገናኘት አልተቻለም ማለት ነው። ዕቃው የሞተ ይመስላል። ግን ፊውዙ ቢቃጠል፣ ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ቢገባ፣ ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩባቸው ሁለት የካን ሽቦዎች ቢበጠሱም ይኸው ኮድ ይወጣል። ሽቦዎቹን ለመለካት ባትሪውን ፍቱና የምርመራ ሶኬቱ ላይ (ማሽኑ የሚሰካበት) 6 እና 14 ቁጥር ፒኖችን በቴስተር ያዙ። 60 ኦም አካባቢ ካሳየ ዋናው መስመር አልተቆረጠም። 120 ካሳየ በአንድ በኩል ተቆርጧል። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ባትሪውንና ኔጋቲቩን ማለፍ

ባለፈው ክረምት ከሐረማያ ድንች የሚያመላልስ ሰው መጣ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ድሬ ስለሆነ ግን አንተ ነው የምንባባለው።

«ኮምፒዩተር አገኘህልኝ?» አለኝ፣ ገና ሳይወርድ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ኮፋኖውን ክፈትልኝ።»

ባትሪው ደህና ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፣ ተነሥቶ 14.1። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ መብራቱን ሁሉ አበራሁና የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒዩተሩ ከሻንሲ ጋር የታሰረበት ብሎን ላይ አደረግሁ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ማለፍ የለበትም። እሱ ላይ 0.8 አሳየ። ለካ መኪናው ቦዲ ተሠርቶ ሲቀባ ብሎኑ ሥር ቀለም ገብቷል። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁት፣ አጥብቄ አሰርሁት። ሰውየው በማግሥቱ ደንገጎን ጭኖ ወጣ። ሌላ ቦታ ለኮምፒዩተሩ ቀብድ ሊከፍል አንድ ቀን ነበር የቀረው።

የድሬ ሙቀት ባትሪ ይገድላል። ስታስነሡ ቮልቱ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ስለ ኮምፒዩተር ከማውራታችሁ በፊት ባትሪውን አስፈትሹ። ዲናሞውንም ጭምር።

ዘይቱን ሳያዩ ዕቃ መግዛት

ዘይቱ ከጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ካለው ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ዲስኮች እያለቁ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር የተበላ ዲስክ አይመልስም።

ያገለገለ ዕቃ በመልኩ መግዛት

«ከዚያው ሞዴል የወጣ ነው» የሚለው ቃል አይበቃም። ዕቃው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ፊደል መመሳሰል አለበት። አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ፒካፖች አንዱ ናፍጣ፣ አንዱ ቤንዚን ይሆናል። የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይለያያል፣ የጎማው መጠን ይለያያል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በእነዚህ ልክ ነው የተጻፈው። ብዙዎቹ የሻንሲ ቁጥርም ይይዛሉ። ለመኪናው የሚሆነው ፕሮግራም ሳይጻፍበት ቢገጠም ማርሹ እየደነገጠ ይገባል፣ ወይም መኪናው እዚያው አንድ ማርሽ ላይ ይቀራል።

ሌላም አለ። በአንዳንድ መኪና የካምቢዮው ኮምፒዩተር ለብቻው የለም፤ ከሞተሩ ጋር አንድ ሣጥን ነው። ያን ከሌላ መኪና አምጥታችሁ ከሰካችሁ ቁልፉን አላውቅም ብሎ ሞተሩም ላይነሣ ይችላል። በሌላው ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ዘይት ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ዘይት ሳይቀዳ አይወጣም።

ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሳይሆን ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው አናግሩ። ለዚህ መኪና የሚሆን ማሽን አለው? ካልሠራ ዕቃው ይመለሳል? አሮጌውንም አትጣሉ፣ ለማንም አትስጡ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው መረጃ ወደ አዲሱ ይገለበጣል። አሮጌው ከጠፋ ሥራው በጣም ይከብዳል።

ኤሌክትሪክ እያለ መንቀል

ኳድሮውን አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ነው ሶኬቱ የሚነቀለው። ሶኬቱ መቆለፊያ አለው፤ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት። ፒን አንዴ ከታጠፈ አዲሱም ዕቃ አይሠራም። ዕቃውን ከመንካታችሁ በፊት የመኪናውን ብረት ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ ነው።

ፕሮግራም ሲጻፍም ባትሪው ሙሉ ይሁን። መሀል ላይ ቮልት ከወረደ አዲሱ ዕቃ እዚያው ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ እስከ መጨረሻ የሚቆይ ይሁን፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው መቋረጥ የለበትም።

ብየዳና እጥበት

ፒካፕ ላይ ፖርቶመጋላ ወይም የጭነት ብረት ስታስበይዱ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳትፈቱ አታስጀምሩ። የብየዳው ኔጋቲቭም የሚበየደው ብረት አጠገብ ይታሰር። ሞተር ሲታጠብ ደግሞ በኃይል የሚረጨው ውኃ ወደ ሶኬቶቹ አይጠጋ። አቧራው ያናድዳል፤ ግን አቧራ በጨርቅ ይጠረጋል።

ከገጠሙ በኋላ ቀጥታ ደንገጎ መውጣት

አዲሱ ኮምፒዩተር ካምቢዮውን ገና አያውቀውም። ዲስኮቹ ምን ያህል እንዳለቁ፣ ዘይቱ በምን ፍጥነት እንደሚሞላ እየነዳችሁ ነው የሚማረው። የድሮው ትምህርት በማሽን ይሰረዝ። ከዚያ ሜዳ መንገድ ምረጡ፤ እኔ ወደ መልካ ጀብዱ ነው የምወስዳቸው። ጭነት ሳይኖር፣ ነዳጁን በስሱ እየሰጣችሁ፣ ሁሉም ማርሽ ደጋግሞ እንዲገባ። ቁሙ፣ እንደገና ተነሡ። ማርሹ ትንሽ ቢደነግጥ አትሸበሩ፣ እየለዘበ ይመጣል።

ስትመለሱ ካምቢዮው እንደሞቀ ኮዱ እንደገና ይነበብ። ጠዋት ሲቀዘቅዝም አንዴ ይነበብ። ሁለቱም ላይ ምንም ካልወጣ በባዶው እስከ ሐረማያ ውጡና ተመለሱ። ድንቹ ለቀጣዩ ጉዞ ይቆይ።