ካርዱ አልተበላሸም፦ ግራፊክስ ካርድ ሲገጠም የሚፈጸሙ ስህተቶች

«አዲሱ ካርድ አልሠራ አለኝ፤ የተበላሸ ነው የሸጡልኝ» እየተባለ ከሚመጣልኝ ኮምፒውተር በአብዛኛው ካርዱ ደህና ነው። ጥፋቱ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው፤ ከአገጣጠሙም አደገኛው የኃይል ኬብሉ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ሞኒተሩ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው ክፍል፣ ኃይል የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው ረጅሙ መሰኪያ ቢበዛ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ክፍል) በሚመጣ ኬብል ይወስዳል፤ ባለ 6 ፒኑ (ባለ 6 እግሩ) ለ75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ ለ150 ዋት የተመደበ ነው። ችግሩ የሚመጣው ፓወር ሰፕላዩ እነዚህ ኬብሎች ሳይኖሩት ሲቀር ነው። ያኔ ብዙ ሰው ለሃርድ ዲስክ የሚሆነውን የሳታ የኃይል ኬብል ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር ርካሽ ማገናኛ ገዝቶ ይመጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ! የሳታ የኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ብቻ ነው። ማገናኛው ግን ለካርዱ 150 ዋት እንዳለ ምልክት ይሰጠዋል፤ ካርዱም በዚያው ልክ ይስባል። ኮምፒውተሩ ሲበራና ፊልም ሲታይ ካርዱ የሚፈልገው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ምንም አይታይም፤ ሰውየውም «ይኸው ሠራ» ይላል። ከባድ ጨዋታ ሲከፈት ግን መሰኪያው መጋል ይጀምራል።

አንድ ወጣት «ጨዋታ ስከፍት ይጠፋብኛል» ብሎ ያመጣውን ኬዝ (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ። የሳታው መሰኪያ ከማገናኛው ጋር ቀልጦ አንድ ሆኗል፤ የቢጫው ሽቦ ልባስ ተሸብሽቦ ከውስጥ መዳቡ ይታያል። ካርዱን አውጥቼ ሌላ ማሽን ላይ ስሰካው ያለምንም ችግር ሠራ። ልጁ ካርዱን ሊመልስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከእሳት የተረፈው ግን ለጥቂት ነው። ፓወር ሰፕላያችሁ ለካርዱ የሚሆን የራሱ ኬብል ከሌለው ለዚያ ካርድ የተሠራ አይደለም፤ ለካርዱ ገንዘብ ስትመድቡ ለእሱም አብራችሁ መድቡ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ኬብሎቹ የሚነቀሉ ፓወር ሰፕላይ የነበረው ሰው አዲስ ሲገዛ የድሮዎቹን ኬብሎች ኬዙ ውስጥ እንደተዘረጉ ትቶ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ይቀይራል። በካርዱ በኩል ያለው የፒኖች አሰላለፍ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ግን እያንዳንዱ አምራች የመሰለውን ያደርጋል፤ የአንድ አምራች ሞዴሎች እንኳ እርስ በርስ ሊለያዩ ይችላሉ። ኬብሉ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ነገር ግን 12 ቮልቱ መሄድ በሌለበት ፒን ሊሄድ ይችላል። ይህ ስህተት ካርዱን ሊገድለው ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር አብሮት የመጣውን ኬብል ብቻ ተጠቀሙ።

ባለ 8 ፒኑ የፕሮሰሰር ኬብልም ከካርዱ ኬብል ጋር ይምታታል። የፕሮሰሰሩ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል፤ የካርዱ ስድስትና ሁለት ነው። የፖዘቲቩና የኔጌቲቩ አቀማመጥ ተቃራኒ ስለሆነ አልገባም ካለ በጉልበት አታስገቡት። ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያ ያለውን ካርድ ደግሞ ባለ ሁለት ጫፍ በሆነ አንድ ኬብል ከማገናኘት ሁለት የተለያዩ ኬብሎች መጠቀም ይሻላል።

በአዳዲሶቹ ከባድ ካርዶች ላይ ያለው ትንሹ ባለ 16 ፒን መሰኪያ እስከ 600 ዋት ያሳልፋል። በ2022 የአርቲኤክስ 4090 ካርዶች መሰኪያ መቅለጥ ሲጀምር ከተገኙት ምክንያቶች ዋናው ኬብሉ እስከ መጨረሻው አለመግባቱ ነበር። ስትሰኩት በጎን በኩል በባትሪ ብርሃን እዩት፤ በሁለቱ ፕላስቲኮች መካከል ክፍተት ከታያችሁ አልገባም። ኬብሉንም ከመሰኪያው እንደወጣ ወዲያው አታጥፉት፤ ቢያንስ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሂድ።

ጀማሪዎች ላይ ሁልጊዜ የማየው ነገር አለ፦ መጫን ያለባቸው ቦታ ላይ ይፈራሉ፣ መጫን የሌለባቸው ቦታ ላይ ይደፍራሉ። ካርዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሲያስቀምጡ እንዳይሰበር ሳስተው በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው። ሁለቱንም ዳር እኩል ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ከመሰኪያው ጫፍ ያለው ትንሽ መያዣ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። ድሮ የነበረውን ካርድ ስታወጡም መጀመሪያ ያንኑ መያዣ መልቀቅ ነው፤ ሳይለቁት የሚጎትቱ ሰዎች መሰኪያውን ከማዘርቦርዱ ሲነቅሉ አይቻለሁ። ቦታው ከላይ ያለው ረጅም መሰኪያ ነው። ከታች ያለው ቢመሳሰልም በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ከ16ቱ የመረጃ መስመሮች 4ቱ ብቻ የተገናኙለት ነው።

ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት ይገባ እንደሆነ ለማወቅ የኬዙን ውስጥ ርዝመት በሚሊ ሜትር ለኩ፤ ከልኩ ላይም ከፊት ያሉትን ማራገቢያዎች ውፍረት ቀንሱ።

ኬዙን ስትከፍቱ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ካርዱን ከመያዛችሁ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ንኩ።

ሁሉም ተገጥሞ «ጨዋታው እንደ ድሮው ይንቀራፈፋል» የሚል ካለ የሞኒተሩን ኬብል ተከትዬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ የተሰካው ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ያ መሰኪያ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውን ደካማ ግራፊክስ የሚጠቀም ነው። ዝቅ ብሎ ካርዱ ራሱ ላይ ያሉት መሰኪያዎች አሉ፤ ወደ እነሱ አዛውሩት።

ከአንድ አምራች ካርድ ወደ ሌላው ከተሻገራችሁ፣ ለምሳሌ ከኤኤምዲ ወደ ኤንቪዲያ፣ የድሮውን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አስቀድማችሁ አጥፉ። መጀመሪያ ሲበራ ምስሉ ትልልቅና የደበዘዘ ቢሆን አትደንግጡ፤ አዲሱ ድራይቨር ሲጫን ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ የዊንዶውስን የማሳያ ማስተካከያ ከፍታችሁ የሞኒተሩን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ፣ ተመልከቱ፤ 144 ሄርዝ የሚችል ሞኒተር ኬብሉ ሲቀየር በ60 ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ በእጃችሁ ካላሳደጋችሁት እዚያው ይኖራል።